በጎ ፈቃድ ለክረምት ብቻ አይሁን

ለአዘጋጁ፤

በሥራ ጫና ስለሚዝሉ ባለሙያዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ መፍትሔውን በእረፍት ብቻ ወስኖታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን መዛል በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል። እኔ 14 ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቼ፣ ወር መዝጊያ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ እያጣሁ በመጨረሻ ሥራዬን ለቀቅሁ። ረጅም እረፍት አልመለሰኝም። የመለሰኝ እዚሁ ሐዋሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአረጋውያን ምሳ ማቅረብና የመርጃ ማዕከላቸውን መዝገብ መያዝ ነው። ያው ሒሳብ ነው፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ቁጥር የማን እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ።

በከተማችን የበጎ ፈቃድ ጥሪ ጎልቶ የሚሰማው በክረምት፣ ያውም በአብዛኛው ለወጣቶች ነው። ቀበሌዎች ባለሙያዎች ሙያቸውንና ትርፍ ሰዓታቸውን የሚያስመዘግቡበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መዝገብ ይክፈቱ። ለመጀመር በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

አንባቢ፣ ከሐዋሳ