የበረረው ጄቱ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር የቀረጹበት «ጎ ፋስት» የተባለው ቪዲዮ ዛሬም ሰውን ያስደምማል። ነገርየው ባሕሩን እየታከከ የሚምዘገዘግ ይመስላል። ናሳ ግን በ2023 ሪፖርቱ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ይዞ አሰላው። 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚምዘገዘገውስ? ካሜራውን የተሸከመው ጄት ነዋ!

እንዲህ ስል አብራሪዎቹ ዋሹ ማለቴ አይደለም። ሌላው የባሕር ኃይል አብራሪ ዴቪድ ፍሬቨር እ.ኤ.አ. በ2004 አየሁ ያለውን ያልታወቀ በራሪ ነገር በገዛ ዓይኑ ነው ያየው። ያንን ይህ ስሌት አይፈታውም።

የጄቱን ካሜራ የሠራው ሬይቲዮን የተባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ነው። መሣሪያው መቼ እንደሚያሳስት ከሠሪው በላይ ማን ያውቃል? እባካችሁ፣ ስለ እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች ቀጥሎ ስትጽፉ እንዲህ ያሉ ካሜራዎችን የሚሠሩ የሴንሰር መሐንዲሶችንም ጠይቁልን።