ቁጠባው የጎማውን ቅርጽ ረስቷል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ረጅም መንገድ የሚጓዙ ከባድ ሞተርሳይክሎች የኋላ ጎማቸውን በመኪና ጎማ ቢተኩ እንደሚያዋጣ የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ዕድሜ ያነሱት እውነት ነው፤ የመኪና ጎማ ጠንከር ያለና ጥርሱም ጥልቅ በመሆኑ የሞተር ጎማን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። በጭነት በኩልም ክርክሩ ባዶ አይደለም። ከ2001 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ባለ 1800 ሲሲ ሆንዳ ጎልድ ዊንጎች በኋላ ጎማቸው ላይ የሚገኘው 74 የተባለው የጭነት መለያ 375 ኪሎ ግራም ማለት ሲሆን፣ 87 የተጻፈበት የመኪና ጎማ ግን 545 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ተፈቅዶለታል።

ይሁንና ሞተር የሚታጠፈው በማዘንበል እንደመሆኑ፣ ጎማው ሸክም ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን የመሪው ሥራ ተካፋይም ነው። የሞተር ጎማ ገጽ ቅስት ስለሆነ ሞተሩ ሲተኛ አስፋልቱን የያዘው ክፍል ከመሃል ወደ ትከሻው ሳይቆራረጥ ይሸጋገራል። የመኪና ጎማ ግን ቀጥ ብሎ ለሚቆም ተሽከርካሪ የተሠራ ጠፍጣፋ ነውና፣ ሞተሩ ባዘነበለ ቁጥር በትከሻው ጠርዝ ላይ ይወጣል፤ ሞተሩ ቀጥ ልበል እያለ ስለሚታገልም አሽከርካሪው ኩርባው እስኪያልቅ ድረስ መሪውን መጫን አለበት። በቀጥተኛ አውራ ጎዳና ብዙ ተነድቶ መሃሉ የተበላ የሞተር ጎማ የነዳ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ መጀመሪያ አልተኛም ይላል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ይወድቃል። ጎማ በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ እንቀይረዋለን እንጂ እንዲህ ጠፍጣፋ የሆነ ጎማ አዲስ ገዝተን አንገጥምም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ሌላ ጉዳይ ቸርኬው ነው። የሞተርና የመኪና ቸርኬዎች የኢንች ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ቅርጽ ይለያያል። ጠርዙ ቦታውን አልይዝ ሲለው ጎሚስታው ከተፈቀደው በላይ ነፋስ ለመሙላት ይገፋፋል፤ ይህ ደግሞ ጎማውን በሰው ፊት ሊያፈነዳ የሚችል ነገር ነው። ከተገጠመም በኋላ ጎማው ለስለስ ብሎ መሬቱን እንዲይዝ ነፋሱን የሚቀንሱ አሉ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ግን ይግላል፣ በኩርባ ላይም ጠርዙ ከቸርኬው ሊንሸራተት ይችላል። የጎማ አምራቾች ይህን ልማድ የማይደግፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የዘዴው ደጋፊዎች ራሳቸው የፊተኛውን ጎማ በመኪና ጎማ ለመተካት አለመድፈራቸውም (ይህን በአዎንታ ነው የማየው) ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወጪው ያሳሰበው ሰው መሃሉ ጠንካራ፣ ትከሻው ለስላሳ ሆኖ የተሠራ የረጅም ጉዞ የሞተር ጎማ መግዛትና ከመነሳቱ በፊት፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ነፋሱን መለካት ይችላል። ሻንጣና ተሳፋሪ የጫነ ሞተር ነፋሱ ሲያንሰው ጎማውን ቶሎ ይበላል።

የጎን ጋሪ የተገጠመላቸውንና ባለ ሦስት እግር የሆኑትን በዚህ ተቃውሞ ውስጥ አላካትታቸውም፤ እነርሱ በአብዛኛው ስለማያዘነብሉ፣ ተስማሚ ቸርኬ እስካላቸው ድረስ የመኪና ጎማ ይስማማቸዋል። ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው ዕትም ይህን ልዩነት ቢያሳውቅ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተርሳይክል አሽከርካሪ