ሃይፐርሶኒክ አውሮፕላን ሮኬትን አይተካም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሃይፐርሶኒክ አውሮፕላን (ከድምፅ ፍጥነት ከ5 እጥፍ በላይ የሚበረው) ሳተላይት ማምጠቅን ርካሽ ያደርገዋል ሲባል ስሰማ ሁሌ ይከነክነኛል፣ የፍጥነቱን ሂሳብ ቁጭ ብሎ የሚሰራ የለማ። የናሳዋ የሙከራ አውሮፕላን ኤክስ-43ኤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2004 ማክ 10 ገደማ፣ ማለትም የድምፅን ፍጥነት 10 እጥፍ አካባቢ ደርሳለች፣ ግን እንዴት እንደሆነ እዩት፦ 4 ሜትር የማትሞላ፣ ሰው የሌለባት ነገር ናት፣ ቢ-52 የተባለው ትልቅ አውሮፕላን ተሸክሟት ወጥቶ ለቀቃት፣ ከዛ ሮኬት ገፋት፣ የራሷ ሞተር የሰራው 10 ሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው፣ በመጨረሻም ፓሲፊክ ውስጥ ገባች። ማክ 10 ማለት በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምህዋር ውስጥ ለመቆየት ደግሞ ወደ 7.8 ያስፈልጋል፣ ጉልበቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ገና 15 ፐርሰንቱ ላይ ነን ማለት ነው፣ ቀሪውን ያው ሮኬት ነው የሚሰራው።

ሮኬት ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፣ እንዲህ ያለው አውሮፕላን ግን ከአየር ይወስዳል፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ፈሳሽ ኦክስጅን እኮ ርካሽ ነው፣ ውዱ አካሉና ሞተሩ ነው፣ የዚህን ትልቁን ክፍል ደግሞ የስፔስኤክስ ሮኬት ፋልከን 9 እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መልሶ እያሳረፈው ነው።

ከአየር ኦክስጅን የሚወስድ ሞተር ይሰራ የነበረው የእንግሊዙ ኩባንያ ሪአክሽን ኤንጂንስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲከስር ከልቤ አዝኛለሁ፣ 1000 ዲግሪ የሞቀ አየር በቅጽበት የሚያቀዝቅዘው ማሽናቸው ድንቅ ስራ ነበር። እባካችሁ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ቁጥሮቹንም አስገቡልን።

አንባቢያችሁ