ዕቃሽ ተገኘ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆችሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል እንጂ።

የላክሽው ዕቃ እጄ የገባው ያለፈው ማክሰኞ ነው። በጥቅምት መላክሽን፣ በኅዳር «ደርሷል» የሚል መልእክት እንደመጣልሽ፣ እኔ ደግሞ ደረሰኝ እንኳን ሳልልሽ ስቀር እንዳዘንሽብኝ የነገረኝ ወንድምሽ ነው፤ ለጥምቀት መጥቶ፣ ጥር 11 ታቦት አጅበን ከጥምቀተ ባሕር ስንመለስ። የምገባበት ጠፋኝ። ኢንተርኔቱ በ2015 ክረምት ከተቋረጠ ወዲህ መጻጻፋችን እንደላላ አውቃለሁ። ግን የላክሽውን ተቀብዬ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

ያኔውኑ ልጽፍልሽ ነበር፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ? መጀመሪያ ላግኘው አልኩ። ሦስት ወር ይፈጃል ብዬ መች አሰብኩ!

ወንድምሽ የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ቁጥሩን ይዤ መላኪያ ድርጅቱ ዘንድ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና «ሲስተሙ ደርሷል ይላል» አለችኝ። ለማን? «ለባለቤቷ»። ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ አልደረሰኝም ስላት «እንግዲያው የላከችው ሰው ታመልክት» አለች። በማግስቱም ይኸው፣ በሳምንቱም ይኸው። በኋላ ነው የገባኝ። «የት ጠፋ?» እያልኩ ስጠይቅ በነሱ መዝገብ የጠፋ ነገር የለም። ስለዚህ «ማን ፈረመ? በየትኛው ቀን? የት ሰፈር?» ማለት ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የርክክብ መዝገቡን አውጥተው አሳዩኝ።

ስሜ አለ። የአባቴም ስም አለ። ፊርማው ግን የኔ አይደለም። ሰፈሩም አዘዞ ይላል።

ለካ ዕቃው ላይ የተጻፈው ስልክ የድሮው ቁጥሬ ነው፣ ያ ሲም ከተዘጋ ቆይቷል። መቀየሬን ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። እዚህ እንደምታውቂው አድራሻ ማለት ስልክ ነው፤ «ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ» ብሎ ቤት የሚፈልግ አድራሽ የለም። ልጁ ስልኩ አልሠራ ሲለው በስም አጠያየቀ፣ የአያቴ ስም ደግሞ አልተጻፈም፣ አዘዞ ሱቅ ያላቸው ሞክሼዬ ተገኙ። የአባቶቻችን ስም ሳይቀር አንድ ነው።

ከፒያሳ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሱቅ ጠይቄ አገኘኋቸው። ትልቅ ሴት ናቸው። ስሜን ስነግራቸው እጄን ጨብጠው «ልጄ፣ የት ነበርሽ!» አሉኝ። ልጃቸው ውጭ አገር ስለሆነ እሱ የላከላቸው መስሏቸው ከፍተውት ነበር፤ ደብዳቤሽን ሲያዩ የሰው መሆኑ ገባቸውና መልሰው አሽገው ወደ መላኪያ ድርጅቱ ወሰዱት። ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «እርስዎ ተረክበዋል፣ ፈርመዋል፣ ተዘግቷል።» እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ዕቃው ራሱ ተመልሶ ደጃቸው መጥቶ ነበር እኮ! አንድ ሰው ተቀብሎ «በስህተት የሄደ» ብሎ ቢጽፍበት አንቺም እኔም ይሄን ሁሉ ጊዜ ባልተኳረፍን።

ሴትዮዋ በነጠላ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ አኖሩት። አምስት ወር! «የሰው ዕቃ ቤቴ ውስጥ እያደረ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» አሉኝ። ቡና አፍልተው፣ በረካ ሳትጠጪ አትነሺም ብለው አስቀመጡኝ። ስትመጪ አብረን ሄደን እናመሰግናቸዋለን።

የእማ መነጽር ልክ ሆነላት። ያን ዕለት ማታ ዳዊቷን አወጣች፤ ሁለት ዓመት ያህል በቃሏ የምታውቀውን ብቻ ስትደግም ነበር። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አለቀስኩ። ስምሽን እየጠራች መረቀችሽ።

ደብዳቤሽንም አነበብኩት። ለአባቴ ቀብር ስላልመጣሽ ተቀይሜሽ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አልተቀየምኩሽም። አንድም ቀን። መምጣት እንዳልቻልሽ አውቅ ነበር፣ ይህን ሳልነግርሽ መቆየቴ ነው የሚቆጨኝ።

አዲሱን ቁጥሬን ወንድምሽ ይልክልሻል። እሁድ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደውይ፣ ባንቺ ጠዋት ነው። እማም አጠገቤ ትሆናለች።