ቁልፉ አሁንም ጎረቤት ጋ ነው?

አንቺዬ፣

እንዴት ከረምሽ? አውቃለሁ፣ ጠፋሁ። ለዒድ አልደወልኩም፣ አንቺም ለገና አልደወልሽም፣ እንግዲህ ተካክሰናል ብለን እንለፈው። የቀረውን ስትመጪ ፊት ለፊት ትሰድቢኛለሽ። አሁን የምጽፈው ጉዳይ ስላለኝ ነው። "ድሮስ ጉዳይ ሳይኖራት መቼ ትጽፋለች" እንደምትይ ስለማውቅ እኔው ቀድሜ አልኩት።

ሐይቅ ከተማ ያለውን ቤታችሁን ፈልጌ ነው።

ኧረ ልግዛው አላልኩም! በምን አቅሜ። ለሁለት ሌሊት ብቻ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ግን ሳትስቂ ስሚኝ። እኔና ጥቂት የደሴ ሰዎች የጽሞና ቀናት እናዘጋጅ ብለን ተነስተናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፔንጤውም ይመጣል። ሃይማኖቴን አትጠይቁኝ ያለ አንድ ልጅ አለ፣ እሱም ይመጣል። ማንም ማንንም አይሰብክም። የጋራ ጸሎት የለም፣ የጋራ ዱዓም የለም። የጋራችን ዝምታው ብቻ ነው። ስልክ በር ላይ ሰብስበን ሌማት ውስጥ እንከድነዋለን። ፎቶ የለም፣ ቲክቶክ የለም። ከ12 ሰው በላይ አንቀበልም፣ ምክንያቱም የእናንተ ግቢ ከዚያ በላይ አይችልም (አየሽ፣ ሳትፈቅጂልኝ ለክቼዋለሁ)።

አጎቴ ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዮጋ ልትጀምሩ ነው?" ዲያቆን ሆኖ ዮጋን ከየት እንዳወቃት እንጃ። አይደለም ስለው ደግሞ "ታዲያ ሱባኤ ከፈለግሽ ፍልሰታን ጠብቀሽ ነሐሴ 1 አትገቢም ወይ? ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብሽ አይደል?" አለኝ። እስጢፋኖስ እኮ ሴት አይገባም፣ በር ላይ ልታስቀምጠኝ ነው? ስለው ዝም አለ። ክፋት የለውም፣ የፈራው መቀላቀሉን ነው። የሰፈራችን ሼህ ደግሞ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት "ማን ነው የሚመራው?" ብለው ነው። ማንም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሶላት ከሰዓቱ አይለፍ እንጂ እኔ ችግር አይታየኝም፣ አብሽሪ" አሉኝ። እንዲያውም ፕሮግራሙን ያወጣልን ሶላቱ ነው። ፈጅር፣ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። ቀኑ ተከፋፍሎ ቀረበልን። የሚሰግደው ሲነሳ ሌላው ዳዊቱን ወይ ውዳሴ ማርያሙን ይዞ ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ የማይጸልየውም ውሃ ዳር ይቀመጣል። ከመግሪብ በኋላ እስከ ጠዋት ጭራሽ ንግግር የለም።

ቀን ለማግኘት ያየነው አበሳ ግን! የጽጌ ጾም እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፣ የፈቃድ ነው ቢባልም የሚጾሙት ይጾሙታል። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ እሱንም ማየት ነበረብን። ዞረን ዞረን በኅዳር 6 እና 14 መካከል ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ላይ ወደቅን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገብተን እሁድ ጠዋት እንወጣለን። ቅዳሴ የሚያስቀድሰው እሁድ ሳይቀምስ በሌሊት ይሄዳል፣ ሌላው ቁርሱን በልቶ ይከተላል።

ምግቡም እንዲሁ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው፣ ማንም አይቃወምም። ቅዳሜስ? ሥጋ ካልን የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ልንል ነው፤ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ኩሽና። ጽሞናው በወጥ ቤት ሊያልቅ! ኋላ አንዱ "ዓሣስ?" አለ። ለካ ሐይቅ መሄዳችን ነው! ዓሣ የሚባርክ አይፈልግ፣ የማን ቢላ አረደው የለ። ከዚያው ታንኳ ላይ ገዝተን፣ ጠብሰን፣ በሚጥሚጣ። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት እርግጠኛ የሆንኩበት ይሄ ዓሣ ብቻ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

በጣም የተጨቃጨቅነው ግን በምን መሰለሽ? በመቀስቀሻው። ሰው ከዝምታ በምን ይጠራ? ደወል ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። በጭብጨባ ይሁን ሲባል ፔንጤዋ ጓደኛዬ "ታዲያ መዝሙርም ልጨምርበት" አለች። ስልክ እንዳንል ሌማት ውስጥ ነው። በመጨረሻ ቡና የምታፈላልን ሴትዮ ሰልችቷት "እኔ ሙቀጫውን ስመታ የማይነሳ ወለዬ አለ እንዴ?" ብላ ገላገለችን። ዘነዘናው ድም ድም ሲል መነሳት ነው። ቡናውም በዝምታ ነው፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም። ፊትሽ አሁን ይታየኛል። ወሎ ውስጥ በዝምታ ቡና! እኔ ቤት ሞክረነው ነበር፣ ቶናው ላይ አንዷ ሳቋን ለቀቀችው፣ ከዚያ ማን ይመልሰን።

ደግሞ ዝምታ ስልሽ አገሩም ዝም ይላል ማለቴ አይደለም። ሌሊት አዛኑ አለ፣ ማኅሌቱ አለ፣ ድምፅ ማጉያ በሁለቱም ወገን አለ። ለዚህ ብሎ አንዱ ከከተማ ርቀን ቦሩ ሜዳ እንሂድ አለን። ያን ብርድ! ብርዱስ ይቅር፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ተቀምጠው የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ የተባለበት ሜዳ ላይ "ኑ፣ ሁሉም እንደየእምነቱ ዝም ይበል" ብዬ ስጠራ ሼሁ ምን ይሉኛል? ሐይቅ ይሻላል። ከእናንተ በረንዳ እስጢፋኖስ ይታያል፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩበት። ከጀርባ ደግሞ መስጊዱ። ማንም ወደ ሌላው ቤት ሄድኩ አይልም።

እሺ፣ አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ግቢው ብቻ ቢሆን ኖሮ ደውዬ በሁለት ቃል በጨረስኩ። የምፈልገው የአያትሽን የወዳጃ ክፍል ነው፣ ቡናና ጫት ቀርቦ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበትን። ያን ግድግዳው በዕጣን ጭስ የጠቆረውን፣ ድቤው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ የቀረበትን። እዚያ በር ስር ተለጥፈን መንዙማ ስንሰማ ስንቴ ተባረርን? ወንድሜ ሲታመም እናቴ ራሷ ቡና ቋጥራ "ዱዓ አድርጉልኝ" ብላ አልመጣችም? "አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ ወይ" ያላት የለም። ግን ያ ያኔ ነው። አሁን ሰዉ ሁሉ ነገር ይከብደዋል። ማተብ ያሰረ ሰው እዚያ ክፍል ሲቀመጥ እናትሽ፣ እናታችን፣ ምን ይሰማታል? ከእናንተም ወገን ወዳጃውን ራሱን የማይወዱ አሉ፣ ያ የአጎትሽ ልጅ ከሰማ ደግሞ... እንጃ። ካልሆነ አይሆንም በይኝ። ግቢው ላይ ሸራ ወጥረን እንቀመጣለን። አልቀየምም። ማለቴ፣ ትንሽ እቀየማለሁ።

ለምን የግድ እዚያ ክፍል እንዳትይኝ። ታውቂዋለሽ። የ2014ቱ ጥቅምት፣ ጦርነቱ የመጣብን ጊዜ። እዚያ ምንጣፍ ላይ ተደራርበን ስንተኛ፣ እናታችን ሙስበሃዋን ስትቆጥር፣ እናቴ አቡነ ዘበሰማያት በከንፈሯ ብቻ ስትል፣ ያ ከመርሳ ተፈናቅሎ የመጣው ሽማግሌ ምንም ሳይል ጣራ ጣራውን ሲያይ። ድምፅ ማሰማት አይቻልም ነበር። ማን ምን ብሎ እንደጸለየ የጠየቀም የለም። ከዚያ ወዲህ እኔና አንቺ አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ይሄን ሁሉ የምለፋው ዝምታ ወድጄ እንዳይመስልሽ። እፈራዋለሁ። ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምተኛው። ግን በፍርሃት ዝም ባልንበት ክፍል አንዴ በፈቃዳችን ዝም ብንልስ ብዬ... ስጽፈው ቲያትር መሰለኝ። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

በሉ ወደ ሥራ። ጣራው የሚያፈስበትን እኛ እናስጠግናለን፣ ሽንት ቤቱንም። ሰው ሁሉ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይመጣል። ለምግብ እናዋጣለን፣ የሌለው እንጨት ይዞ ይምጣ ብለናል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሚኒባስ ይበቃናል፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን የዚያን ሳምንት አጣርተን እንነሳለን፣ ካልሆነ ይቀራል እንጂ ሰው ይዘን አንሞክርም። ጫት የለም። ይሄን የምጽፈው አያትሽ በሕይወት ባለመኖራቸው ደፍሬ ነው።

ከአንቺ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ቁልፉ ያለበትን ንገሪኝ፣ ጎረቤት ጋ ካልሆነ የት እንደሆነ። ክፍሉን ለእናታችን አንቺ ንገሪያት፣ እኔ ከደወልኩላት "የት ጠፋሽ ልጄ" ትለኛለች፣ ከዚያ እኔ አለቅሳለሁ፣ ጉዳዩ ሳይነሳ ስልኩ ይዘጋል። ሦስተኛው፣ ነይ። አዘጋጅ ሁኚ አላልኩሽም፣ ዝም ብለሽ ነይ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፣ ሰበብ አታብዢ።

ባልሽን ግን እንዳታመጪው። እወደዋለሁ፣ ታውቂያለሽ፣ ግን እሱ እንኳን ሁለት ሌሊት አንድ አቦል በዝምታ አይጠጣም።