«ድልድይ ተመታ» ብላችሁ አታቁሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ ጅማ ዘግይቶ ቢደርስም ሳላነበው አላልፍም። የውጭ ዜናው ላይ ግን «የኃይል ጣቢያ ተመታ»፣ «ድልድይ ፈረሰ» ትሉና ወደሌላ ወሬ ትሄዳላችሁ፣ ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እኔ ቆጪ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለኝ። መብራት ሲሄድ ጤፍና በቆሎ ተሸክመው የመጡ እናቶች ደጄ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል ስንባባል ይመሻል፣ ከገጠር የመጣችው እህሏን እኔ ጋ አስቀምጣ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ማታ ለልጆቿ ምን እንደምታቀርብ እያሰብኩ ነው በሩን የምዘጋው። ይሄ በሰላም ጊዜ፣ ፊውዝ ተቃጥሎ ሠራተኛ እስኪቀይረው ድረስ ነው። ጣቢያው ራሱ በሚሳኤል ሲመታስ?

ሩሲያ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የዩክሬንን መብራት እየደጋገመች ስትመታ የሚወድመው ትልቁ የሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ትራንስፎርመር ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም፣ በትእዛዝ ነው የሚሠራው፣ ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ ክብደቱ ደሞ ከመቶ ቶን ሊያልፍ ስለሚችል ደህና መንገድና ድልድይ ይፈልጋል። ስለዚህ ድልድዩን የመታ ሰው መጠገኛውንም አብሮ ነው የመታው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ትግራይ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ስንት ጊዜ ከረመች፣ መቀሌ ከብሔራዊ ግሪድ ጋር እንደገና የተገናኘችው ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ኅዳር 2015 ላይ ነው። ሰኔ 2013 ማለቂያ ላይ ደሞ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፣ የእርዳታ እህል የሚያልፍበት ድልድይ ማለት ነው።

መብራቱንና ድልድዩን ወታደሩም ይጠቀምበታል ይላሉ የሚመቱት። አዎ ይጠቀማል፣ ግን ወታደሩ ጀኔሬተርና ናፍጣ አለው፣ ደጄ ላይ የምትጠብቀው እናት የላትም። በፈረንጆቹ 1977 የወጡት ሁለቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች፣ የጦርነት ሕጎች ማለት ናቸው፣ ሰላማዊ ሰው ያለሱ መኖር የማይችለውን ነገር፣ እህሉን የውሃ መስመሩን፣ ማውደም ይከለክላሉ፣ ግድብንም በስም ጠቅሰው ይከላከሉለታል፣ ሁለተኛው ደሞ ለእርስ በርስ ጦርነት የወጣ ነው፣ ኢትዮጵያም በፈረንጆቹ 1994 ተቀብላቸዋለች። የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም በማርች 2024 የዩክሬን የኃይል መሠረተ ልማት በመመታቱ ሁለት የሩሲያ አዛዦች ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል። ይሄን ሁሉ ሰው ሊያውቀው ይገባል፣ ከናንተ በቀር ማን ይነግረዋል?

በጁን 2023 ዩክሬን ያለው የካኾቭካ ግድብ ፈርሶ ከታች ያለው መንደር በውሃ ሲዋጥ እኔ ያሰብኩት ግልገል ጊቤን ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፣ ከግድቡ በታች የሚያርሱትን ገበሬዎችም።

እባካችሁ መመታቱን ከጻፋችሁ በኋላ ተከታተሉት። ሰፈሩ ስንት ቀን በጨለማ አደረ፣ የውሃ ፓምፑ መቼ ተነሳ፣ ሆስፒታሉ በምን አዋለደ፣ የክትባት ፍሪጁስ? ከተከዜው ድልድይ ጀምሩ፣ አንድ ጋዜጠኛ ልካችሁ ዛሬ በምን እንደሚሻገሩ የዛን አካባቢ ሰዎች ጠይቁልን። ከወጣ ወፍጮ ቤቴ ለሚጠብቁት እናቶች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ