ሁለት ሞክሼ እናቶች በአንድ ክፍል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አዳማ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ታካሚ ደህንነት ምን እንደምናስብ የሚጠይቅ መጠይቅ ታድሎን ነበር። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ፤ ስህተት ሪፖርት ሲደረግ የሚከሰሰው ችግሩ ሳይሆን ሰውየው ይመስላል፣ የሚል ነው ሐሳቡ። መጠይቁ በአውሮፓውያኑ 2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው፤ ጅማ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎችም ተጠንቶበታል። በብዙ አገር ዝቅተኛ ነጥብ ከሚያገኙት ነገሮች አንዱ ይሄው ስህተትን ያለ ቅጣት የማየት ጉዳይ ነው። አልገረመኝም።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከፍጥነት መንገዱ የመጡ የመኪና አደጋ ተጎጂዎች ድንገተኛ ክፍሉን ስለሞሉት ጓደኛዬ ወደዚያ ተጠርታ ሄደች፣ እኔ ዋርዱ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼ እናቶች ተኝተዋል። የአንዷን የስኳር መርፌ፣ ኢንሱሊኑን ይዤ ገባሁና «እማማ እገሊት» ብዬ ጠራሁ። በሩ አጠገብ ያሉት «አቤት» አሉኝ። ልወጋቸው ስል ልጃቸው መሬት ከተኛችበት ቀና ብላ «ሲስተር፣ እናቴ እኮ ስኳር የለባትም» አለችኝ። እጄ ደነዘዘ። ስኳር የሌለባቸው፣ እራት እንኳ በቅጡ ያልቀመሱ ሴት ያንን ቢወጉ ኖሮ ሌሊቱን ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ፣ እኛ ደግሞ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነው የሚመስለን።

ጠዋት ርክክብ ላይ ልናገር ስል አንዲት የማከብራት ባልደረባዬ «ምንም አልተፈጠረም፣ ለምን በራስሽ ላይ ትመሰክሪያለሽ?» አለችኝ። አዝናልኝ እንጂ ክፋት አስባ አይደለም። ቀደም ሲል ስህተቷን በራሷ አንደበት የተናገረች ባልደረባችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደደረሳት ሁለታችንም እናውቃለን። ዝም አልኩ። ሞክሼዎች ዛሬም አንድ ክፍል ይተኛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 ታካሚዎች 1 የሚሆነው በሕክምና ላይ እያለ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከግማሽ በላዩ መከላከል የሚቻል ነው። ስም ጠርቶ «አቤት» መጠበቅ ትቶ «ስምዎ ከነአባትዎ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና ከቻርቱ ጋር ማመሳከር እንዳለብን ትምህርት ቤት ተምረናል። የጎደለን ሳይደረግ ሲቀር የምንናገርበት ቦታ ነው። ሰክሮ የገባ ወይም ሆን ብሎ ያጠፋ ይቀጣ፣ እሱን አልቃወምም። ለሌላው ግን ዳይሬክተሮችና ማትሮኖች (የነርሶች ኃላፊዎች) ስም የማይጻፍበት ቅጽ ያዘጋጁልን። በጠዋት ስብሰባ ይነበብ። ምን እንደተስተካከለም ይነገረን።

መጠይቁ ላይ «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ነው ያከበብኩት። ያችን ልጅ አመስግኛታለሁ። ለእናቷ ግን ምን ሊደርስባቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ነርስ፣ ከአዳማ